ኧርነስት ኤቨረት ጀስትና የባሕር ጃርት እንቁላል

ጃርት ሲባል የሁላችንም ሐሳብ የሚሄደው በሌሊት ከጉድጓዱ ወጥቶ የገበሬውን በቆሎና ለውዝ ወደሚያጠፋው፣ እሾሁም በጫካ መንገድ ላይ ወድቆ ወደሚገኘው እንስሳ ነው። ከአሶሳ እስከ ባሕር ያለው መንገድ ሩቅ ስለሆነ፣ የባሕር ጃርት የሚባለውን ሌላውን ፍጥረት ከመካከላችን በዓይኑ ያየው ቢኖር ጥቂት ነው። ይህኛው ጃርት ራስም ጅራትም የለውም። ድብልብል ሆኖ፣ ዙሪያውን እሾህ ለብሶ፣ ከባሕር ወለል ድንጋይ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። መልኩ ሲታይ ለሰው ልጅ ዕውቀት ይህን ያህል ይጠቅማል ብሎ የሚገምት አይገኝም። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ከዝሆንና ከአንበሳ ይልቅ በዚህ እሾሃም ፍጥረት ላይ ብዙ ደክመዋል። ምክንያቱም እንቁላሉ እጅግ ብዙ ነው፤ የሚፀነሰውም በእናቱ ሆድ ሳይሆን በውጭ፣ በባሕሩ ውኃ ውስጥ ነው። አንድ ሰው በአንድ ብርጭቆ የባሕር ውኃ ውስጥ እንቁላሉን ከወንዱ ዘር ጋር ቢያገናኘውና በማይክሮስኮፕ ቢመለከት፣ በአንድ ሰዓት ገደማ እንቁላሉ ለሁለት ሲከፈል፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ሲሆኑ ያያል። በማግሥቱም በውኃው ውስጥ የሚዋኝ ትንሽ ነፍስ ያገኛል።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እነዚያ የተከፋፈሉት ሕዋሳት ሁሉ ከአንድ እንቁላል የመጡ ናቸው፤ የወረሱትም ርስት አንድ ዓይነት ነው። ታዲያ አንዱ አንጀት፣ አንዱ አፅም፣ አንዱ ቆዳ የሚሆነው በምን ትእዛዝ ነው? የዛሬ ሊቃውንት ይህን ጉዳይ የጂኖች አሠራር ቁጥጥር ብለው ይጠሩታል። ሁሉም ሕዋስ ሁሉንም ጂን ይዟል፤ ግን የትኛው ጂን መቼና የት ይናገራል፣ የትኛውስ ዝም ይላል፣ ነው ጥያቄው። ጂን ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ገና ባልታወቀበት ዘመን በዚህ ጥያቄ ላይ ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ጥቁር ሰው ነበረ። ስሙ ኧርነስት ኤቨረት ጀስት ይባላል። በሊቃውንቱ ዘንድ ስሙ የታወቀ ሆኖ ሳለ በአገራችን በተለይም በእኛ በሥነ ጽሑፍና በታሪክ ተማሪዎች ዘንድ እምብዛም ስለማይነሣ፣ ታሪኩን በዚህ ገጽ ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጀስት የተወለደው በነሐሴ ወር 1883 በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና፣ ቻርልስተን በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ቻርልስተን ከአፍሪካ በመርከብ የተጫኑ ባሮች ከሚራገፉባቸው ወደቦች ዋነኛዋ ነበረች። ባርነት በአሜሪካ በሕግ ከተሻረ ገና 18 ዓመቱ ነበር። አባቱ በወደብ ላይ መርከብ የሚቆምበትን መድረክ የሚሠራ አናጢ ነበር፤ ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው ሞተ። እናቱ ወይዘሮ ሜሪ ልጆቻቸውን ይዘው ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ታዲያ እኒህ ሴት አልቅሰው የሚቀመጡ አልነበሩም። ክረምቱን በቻርልስተን የጥቁር ልጆችን ያስተምራሉ፤ በጋ ሲሆን በአጠገቡ ባለው በጄምስ ደሴት ፎስፌት ከሚቆፈርበት ማዕድን ገብተው የጉልበት ሥራ ይሠራሉ። ኋላም በዚያ የሚሠሩትን ጥቁሮች አስተባብረው መሬት እንዲገዙና መንደር እንዲመሠርቱ አደረጉ፤ መንደሩም በእሳቸው ስም ሜሪቪል ተባለ። ኧርነስት ልጅ ሳለ በአንጀት ተስቦ ታሞ ለሞት ተቃርቦ ነበር። ከበሽታው ቢድንም ተምሮት የነበረው ንባብ ፈጽሞ ከአእምሮው ጠፍቶ ተገኘ፤ ፊደል እንደ ገና ከመጀመሪያው መቁጠር ሆነበት። ይህን ታሪክ ባነበብን ጊዜ ያስደነቀን ድጋሚ መማሩ ሳይሆን፣ ቀኑን ሙሉ ሲቆፍሩ ውለው ማታ ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ፊደል የሚያስቆጥሩት እናቱ ናቸው።

እኛ ይህን የምንጽፍበት አገር ታሪክ ከቻርልስተን ታሪክ እምብዛም አይርቅም። ከቤኒሻንጉልና ከጉሙዝ መንደሮች ሰው እየተያዘ ወደ ሱዳንም ወደ መሐል አገርም ይሸጥ እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ከአባቶቻቸው የሰሙት ነው። ኢትዮጵያ በ1923 ወደ ዓለም መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ትልቁ ሙግት የባሪያ ንግድ ጉዳይ ነበረ፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረውም በ1942 ነው። ይህም ጀስት በሞተ በዓመቱ ማለት ነው። የበርታውን፣ የጉሙዙን፣ የማኦውን ሰው የራሱን ስም ትቶ በቆዳው ጥቁረት ብቻ የሚጠራ አንድ የስድብ ቃል በአማርኛችን ውስጥ አለ። ቃሉን እዚህ አንጽፈውም፤ የማያውቀው የለም። አሜሪካኖች በጀስት ላይ የፈጸሙትን ስናወግዝ ያን ቃል በልባችን ይዘን ከሆነ ማውገዛችን ቀላል ነገር ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ጀስት በ13 ዓመቱ ኦሬንጅበርግ በሚባል ከተማ ወዳለ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ተላከ፤ በ15 ዓመቱም የመምህርነት ትምህርቱን ጨረሰ። እናቱ ግን ይህ አልበቃቸውም። ወደ ሰሜን፣ በረዶ ወደሚወርድበት ወደ ኒው ሃምፕሺር ሄዶ ኪምቦል ዩኒየን በተባለ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዲገባ አደረጉ። በሁለተኛው ዓመት እናቱን ለመጠየቅ ወደ አገሩ ቢመለስ ከደረሰበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እናቱ ተቀብረው ነበር። በእኛ አገር መርዶ የሚነገርበት ሥርዓት አለው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ አጽናኝ ባለበት ነው። ይህ ልጅ ግን መርዶውን የተረዳው ከመቃብሩ አፈር ነው ማለት ይቻላል። ተመልሶም የአራቱን ዓመት ትምህርት በሦስት ዓመት አጠናቅቆ፣ ከጓደኞቹ ሁሉ በልጦ በ1903 ወጣ።

ከዚያ ዳርትመዝ ኮሌጅ ገባና በ1907 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። እዚያ ሳለ ስለ እንቁላል መፀነስና ማደግ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በእጁ ገብቶ ነው ልቡ ወደ ሥነ ሕይወት የተሳበው። ይሁን እንጂ ለጥቁር ምሩቅ፣ የቱንም ያህል ማዕረግ ቢይዝ፣ በነጮች ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ወንበር አልነበረም። የተከፈተለት በር በዋሽንግተን የሚገኘው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ሃዋርድ ነው። እዚያም መጀመሪያ የተቀጠረው ለሥነ ሕይወት ሳይሆን እንግሊዝኛና የንግግር ጥበብ እንዲያስተምር ነበር። ተማሪዎቹን ሰብስቦ የቴአትር ክበብ አቋቋመ፤ በ1911 ከሦስት ተማሪዎቹ ጋር ኦሜጋ ሳይ ፋይ የተባለውን የወንድማማቾች ማኅበር መሠረተ። በመኝታ ቤት የሥነ ጥበብና የሳይንስ ተማሪ ማን ይበልጣል እያልን ስንከራከር ለምናድር ለእኛ ይህ ነገር ሳይጠቅስ የሚያልፍ አይደለም፤ ከባሕር ጃርቱ እንቁላል በፊት የጀስት እንጀራ ሰዋስውና ድርሰት ነበር። የጽሑፉ ጥራት በኋላ በሳይንስ መጻሕፍቱ ውስጥ ጎልቶ የሚታየውም ከዚህ የተነሣ ይመስለናል። በ1912 የሃዋርድ የሥነ እንስሳት ክፍል ኃላፊ ሆነ፤ ያንንም ሹመት እስከ ዕለተ ሞቱ ይዞ ቆየ። በዚሁ ዓመት ኤተል ሃይዋርደን የተባለች የሃዋርድ የጀርመንኛ መምህርት አገባ፤ ሦስት ልጆችም ወለዱ።

በማሳቹሴትስ ባሕር ዳርቻ ዉድስ ሆል በምትባል ትንሽ መንደር ትልቅ የባሕር ሥነ ሕይወት ምርምር ጣቢያ አለ። ዳይሬክተሩ የቺካጎው ፍራንክ ሊሊ ነበር። ጀስት በ1909 የሊሊ ረዳት ሆኖ ወደዚያ ሄደ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ትምህርት ሲዘጋ ይሄዳል፣ ሲከፈት ይመለሳል። የመጀመሪያ ጥናቱ በ1912 የወጣ ሲሆን፣ ስለ አንድ የባሕር ትል እንቁላል ነው፤ እንቁላሉ መጀመሪያ ለሁለት የሚከፈልበት መስመር የወንዱ ዘር በገባበት ቦታ እንደሚወሰን ያሳያል። በ1915 የጥቁሮች መብት ማኅበር የስፒንጋርንን ሜዳልያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሸልም ተሸላሚው ጀስት ሆነ። በ1916 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ።

የእጁ ጥበብ በዉድስ ሆል ምሳሌ ነበር። ሌሎች ሊቃውንት እንቁላሉን ከባሕር አውጥተው በፈለጉት ብርጭቆ ጨምረው፣ አሲድና ጨው እያፈሰሱ የሆነውን ይጽፉ ነበር። ጀስት ግን አስቀድሞ ብርጭቆው ንጹሕ መሆኑን፣ ውኃው መሞቅና መቀዝቀዙን፣ እንስሳው በየትኛው ወርና በየትኛው የጨረቃ ዕለት እንቁላል እንደሚጥል ያጠና ነበር። የታመመ እንቁላል የሚሰጠው መልስ የበሽታ መልስ እንጂ የተፈጥሮ መልስ አይደለም ይል ነበር። ከሩቅ ቦታ የመጡ የታወቁ ፕሮፌሰሮች እንቁላላቸው አልሠራ ሲላቸው ወደ እሱ ጠረጴዛ ይመጡ ነበር። በ1919 ጀምሮ በባሕር ጃርትና ጠፍጣፋ በሆነ ዘመዱ እንቁላል ላይ ያወጣቸው ጥናቶች ዋነኞቹ ናቸው። የወንዱ ዘር እንቁላሉን በነካበት ነጥብ ላይ አንድ ለውጥ ይጀምራል፤ ይህም ለውጥ ድንጋይ የተወረወረበት ኩሬ እንደሚንቀሳቀስ በሰከንዶች ውስጥ የእንቁላሉን ገጽ ሁሉ ይዞራል። ከዚያ በኋላ ሌላ ዘር ሊገባ አይችልም። ለዓይን የሚታየው ሽፋን የሚነሣው ዘግይቶ ነው፤ በሩ ግን ቀድሞ ተዘግቷል። ይህን ያየው በዓይኑና በሰዓት ብቻ ነው። በ1976 በኤሌክትሪክ መለኪያ በባሕር ጃርት እንቁላል ላይ ሲፈተን፣ ሽፋኑ ከመነሣቱ በፊት በእንቁላሉ ገጽ ላይ ፈጣን የኤሌክትሪክ ለውጥ መኖሩና ሁለተኛውን ዘር የሚከለክለው እሱ መሆኑ ታውቋል።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሥነ ሕይወት ላይ እንደ ንጉሥ የሚታይ ዣክ ሌብ የሚባል ሰው ነበር። ሌብ በ1899 በጨው ውኃ ብቻ የባሕር ጃርት እንቁላልን ያለ ወንድ ዘር እንዲያድግ አድርጎ ስሙ በጋዜጣ ሁሉ የወጣ ነው። ሕይወት ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ሌላ ምንም አይደለም የሚል አቋም ነበረው። ለጥቁሮችም መብት የቆመ ሰው ስለነበር ለጀስት በመጀመሪያ ደግ ነበር። ጀስት ግን የሌብን ሙከራ ደግሞ ሠርቶ፣ ትርጓሜው ትክክል አለመሆኑን በጽሑፍ አሳየ። ከዚያ በኋላ ሌብ ፊቱን አዞረበት፤ ለትልልቅ የምርምር ድርጅቶችም ስለ ጀስት መልካም ያልሆነ ቃል ሰጠ። እንግዲህ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ለተጨቆነ ሰው እጁን የሚዘረጋ ብዙ ነው፤ የተጨቆነው ሰው ቀና ብሎ ጌታዬ ተሳስተሃል ሲለው እጁን የማይሰበስብ ግን ጥቂት ነው። በዉድስ ሆል ስሙ ቢገንም ከታላላቆቹ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች አንዱም አልጠራውም። ሃዋርድ ደግሞ ሐኪምና መምህር የሚያወጣ ድሀ ትምህርት ቤት እንጂ የምርምር ቤት አልነበረም። ስለዚህ ዕድሜውን በደብዳቤ ጨረሰ፤ ለዚህ ባለጸጋ ይጽፋል፣ ለዚያ ድርጅት ያመለክታል። ከሁሉ ይልቅ የረዳው ጁሊየስ ሮዘንዋልድ የተባለው የቺካጎ ነጋዴ ነው።

በ1929 ጀስት አትላንቲክን ተሻግሮ ኢጣልያ፣ ናፖሊ ገባ። በናፖሊ አንቶን ዶርን የተባለ ጀርመናዊ በ1872 የመሠረተው የባሕር እንስሳት ጣቢያ አለ። ለባሕር ጃርት ጥናት ይህ ቦታ እንደ ገዳም ነው። ቴዎዶር ቦቬሪ በ1902 ሁለት የወንድ ዘር የገባባቸውን የባሕር ጃርት እንቁላሎች አጥንቶ፣ እያንዳንዱ ክሮሞሶም የየራሱ የሆነ ሥራ እንዳለውና አንዱ ቢጎድል ፅንሱ ተበላሽቶ እንደሚቀር ያሳየው ከዚህ ባሕር በወጣ እንቁላል ነው። (እግረ መንገዳችንን፦ በጉባ በኩል ታላቁን የሕዳሴ ግድብ አልፎ የሚወርደው የዓባይ ውኃ መጨረሻው ይኸው የሜዲትራንያን ባሕር ነው፤ ስለዚህ የእኛ አገር ሰው ከነገሩ ፈጽሞ የተለየ አይደለም ብለን ልንፎክር እንችላለን።) በማግሥቱ ዓመት በርሊን ወዳለው ወደ ካይዘር ዊልሄልም የሥነ ሕይወት ተቋም ተጋብዞ ሄደ፤ ተቋሙ ሲቆም ዳይሬክተር እንዲሆን መጀመሪያ የተለመነው ያው ቦቬሪ ሲሆን፣ በጤና ምክንያት እምቢ ብሎ ነበር። ጀስት በአውሮፓ ያገኘው ነገር በአገሩ አግኝቶት የማያውቀው ነው። ከሌሎች ሊቃውንት ጋር በአንድ ማዕድ ይበላል፤ በአንድ ቴአትር ቤት ይቀመጣል፤ ሰው የሚጠይቀው ስለ እንቁላል እንጂ ስለ ቆዳው አይደለም። በ1930 የሊሊ 60ኛ ዓመት ልደት በዉድስ ሆል ሲከበር ሄዶ ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ዉድስ ሆል አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስጨንቀው ነገር አለ፤ እኛንም አስጨንቆናል። ያ ጀስት ነጻ አየር የተነፈሰበት ናፖሊ የሙሶሊኒ ናፖሊ ነበር። በ1935 ኢጣልያ አገራችንን ስትወር ወታደሮቿን ከጫነችባቸው ወደቦች አንዱ ናፖሊ ነው። በጣቢያው መስኮት የሚታየው ባሕርና መርከቦቹ ወደ ምጽዋ የተጓዙበት ባሕር አንድ ነው። በዚሁ ወራት ጀስት ክፍሉን በሚመራበት በሃዋርድ ግቢ ውስጥ ሌላ ነገር ይሠራ ነበር። የታሪክ መምህሩ ሊዮ ሃንስበሪና በሃዋርድ ሕክምና ያጠኑት ዶክተር መላኩ በያን ከሌሎች ጋር ሆነው በ1934 የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤን አቋቁመው፣ የአሜሪካ ጥቁሮች ስለ ኢትዮጵያ እውነቱን እንዲያውቁ ይደክሙ ነበር። መላኩ በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ በ1940 በወጣትነታቸው አረፉ። ሃንስበሪም በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀብለዋል። እንግዲህ በአንድ ግቢ ውስጥ የሰውን ነጻነት በሁለት መንገድ የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ወገን በማኅበርና በጽሑፍ ለጥቁር ሕዝብ ይከራከራል፤ ጀስት ደግሞ ከሁሉ ሸሽቶ በማይክሮስኮፑ ላይ ማጎንበስ ይፈልጋል። እኛ ለመላኩ እናደላለን፤ አንደብቀውም። ነገር ግን አንድ ሊቅ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ዕድሜውን ሁሉ ስለ ጥቁረቱ ሲናገር እንዲኖር ማስገደድ ሌላ እስር ቤት ነው ለሚል ሰው መልስ ማግኘት ተቸግረናል። በሚቀጥለው እትም ይህን የሚከራከር ጓደኛ ቢገኝ ገጹ ክፍት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቡ እንድረስ። በዚያ ዘመን ቶማስ ሃንት ሞርጋን በትንኝ መሰል ዝንብ ላይ ባደረገው ጥናት ጂኖች በክሮሞሶም ላይ እንዳሉ አሳይቶ በ1933 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። የጂን ሊቃውንት ነገሩ ሁሉ የተፈታ መሰላቸው። ጀስት ግን ቆም ብሎ ጠየቀ። ጂኖቹ በሁሉም ሕዋስ አንድ ከሆኑ፣ ሕዋሳቱ እንዴት ይለያያሉ? ለዚህም በ1936 የራሱን ሐሳብ አወጣ። እንቁላሉ ከመጀመሪያው ሁሉን የመሆን አቅም በውስጡ ይዟል፤ በኒውክሊየሱ ውስጥ ያሉት ጂኖች በየክፍፍሉ ከሳይቶፕላዝሙ አንዳንድ ነገር እየወሰዱ ያስራሉ፤ ሳይታሰር የቀረው ነገር ሕዋሱ የሚሆነውን ይወስናል። ስለዚህ አንድ ሕዋስ አንጀት የሚሆነው የአንጀትነት ነገር ስለተጨመረለት ሳይሆን ሌላው ሁሉ ስለታገደበት ነው። ይህንንም የጂኖች ገደብ ሲል ሰየመው። በ1939 በታተመው ስለ ሕዋስ ገጽ በጻፈው ትልቅ መጽሐፉ ይህን አስፋፍቶ፣ የእንስሳት የዝግመተ ለውጥ ታሪክም ከሕዋሱ ገጽና ከሳይቶፕላዝሙ ተለይቶ ሊታይ እንደማይገባ ተከራከረ።

እኛ ጀስትን የዛሬው ዕውቀት ነቢይ ልናደርገው አንሻም። ስለ ጂኖች የተናገረው ዝርዝር አልጸናም፤ ጂን ሳይቶፕላዝሙን እየለቀመ የሚያስር ነገር አይደለም። ለክሮሞሶምም የሚገባውን ያህል ክብር አልሰጠም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ነበር፤ መልሱም የመጣው ከዚያው ከባሕር ጃርቱ መሆኑ ያስገርማል። ሮይ ብሪትንና ኤሪክ ዴቪድሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1969 ጂኖች ሌሎች ጂኖችን የሚያዙበት ሥርዓት መኖር እንዳለበት በሐሳብ ደረጃ ጻፉ። ዴቪድሰን እስከ ሞቱ እስከ 2015 በካሊፎርኒያ የባሕር ጃርት ፅንስ ላይ ሠርቶ፣ በ2002 ከባልደረቦቹ ጋር የፅንሱን ጂኖች ማን ማንን እንደሚያዝ የሚያሳይ ካርታ አወጣ። በ2006 ደግሞ የባሕር ጃርቱ ጂኖም በሙሉ ተነበበ፤ ወደ 23,300 የሚጠጉ ጂኖች ተቆጠሩ፤ ይህም ቁጥር ከሰው ብዙ የማይርቅ ነው። እንግዲህ በእሾሃሙ ጃርትና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት በጂን ብዛት አይደለም።

ከካርታው አንዱን ቁራጭ ብቻ እንናገር። ፅንሱ 16 ሕዋስ ሲሆን ከታች በኩል አራት ትንንሽ ሕዋሳት ይታያሉ፤ የእጩን አፅም የሚሠሩት የእነዚህ ልጆች ናቸው። አፅም የሚሠሩት ጂኖች በሁሉም ሕዋስ አሉ፤ ነገር ግን በራቸው ላይ አንድ ዘበኛ ጂን ቆሞ አላስወጣም ይላል። በአራቱ ትንንሽ ሕዋሳት ወገን ብቻ ሌላ ጂን ይነሣና ያንን ዘበኛ ያስረዋል፤ በሩም ይከፈታል። ይህ ነገር የታወቀው በ2002ና በ2007 በወጡ ጥናቶች ነው። ጀስት ሕዋስ የሚለየው በገደብ ነው ያለውን ለሚያስታውስ ሰው፣ አሠራሩ ሌላ ይሁን እንጂ፣ ነገሩ የሚያስደንቅ ነው።

የዝግመተ ለውጡም ነገር ከዚሁ ይያያዛል። የባሕር ኮከብ የተባለው እንስሳ የጃርቱ የሩቅ ዘመድ ነው፤ የጋራ አያታቸው የኖረው ከ500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የሁለቱም ፅንስ አንጀቱን ሲጀምር ጥቂት ጂኖች እርስ በርሳቸው እየተያያዙ የሚተዛዘዙበት አንድ ቋጠሮ በሁለቱም ዘንድ ሳይፈታ ኖሯል። አፅምን በተመለከተ ግን ሌላ ነው። የባሕር ኮከብ እጭ አፅም የለውም፤ ሲያድግ ግን አለው። ጃርቱ ለአዋቂው የነበረውን የአፅም ሥራ ሳብ አድርጎ ወደ ፅንሱ አምጥቶታል። አዲስ ጂን አልፈጠረም፤ የድሮዎቹን በሌላ ጊዜና በሌላ ቦታ ጠራቸው እንጂ። በአውስትራሊያ ባሕር ደግሞ ከአራት ወይም ከአምስት ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ የተለያዩ ሁለት የቅርብ ዘመድ ጃርቶች አሉ፤ የአንደኛው ልጅ ለሳምንታት በባሕር እየዋኘ እየበላ ያድጋል፣ የሌላኛው ትልቅ እንቁላል ይዞ ተወልዶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጃርት ይሆናል። በዝግመተ ለውጥ አነጋገር ይህ የትናንት ያህል ነው። ቀድሞ ጊዜ የእንስሳት ልዩነት በጂኖቹ በራሳቸው መለዋወጥ ብቻ የሚመስላቸው ሊቃውንት፣ አሁን የትእዛዙን ለውጥ በብርቱ የሚመረምሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ጀስት ከዚህ አንዱንም አላየም። በ1933 ሂትለር በጀርመን ሥልጣን ሲይዝ የበርሊን በር ተዘጋበት። ወደ ፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ባሕር ዳርቻ ወዳለው ወደ ሮስኮፍ ጣቢያ ዞረ። በ1938 ዳግመኛ ላለመመለስ ቆርጦ ከአሜሪካ ወጣ። ከኤተል ጋር ተፋትቶ በ1939 በበርሊን ያወቃትን ሄድዊግ ሽኔትስለር የተባለች ጀርመናዊት አገባ። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ መናገር አንወድም፤ ሦስት ልጆችና አንዲት ሚስት በዋሽንግተን መቅረታቸውን ግን ሳንጽፍ ብናልፍ ታሪክ አይሆንም። ገንዘብ አልነበረውም፤ የሃዋርድ አስተዳደርም በመቅረቱ ተሰላችቶበት ነበር። ትልቁን መጽሐፉንና ስለ ባሕር እንስሳት እንቁላል አያያዝ የጻፈውን የሙከራ መምሪያ ያሳተመው በዚህ ችግር መካከል ነው።

በ1940 የጀርመን ጦር ፈረንሳይን ያዘ። ጀስት ተይዞ ለአጭር ጊዜ በእስረኞች ሰፈር ተቀመጠ፤ በሚስቱ አባትና በአሜሪካ መንግሥት ብርታት ተፈትቶ በመስከረም ወር ከነፍሰ ጡር ሚስቱ ጋር ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ዳግመኛ አላያትም ብሎ ወደ ወጣባት ዋሽንግተንና ወደ ሃዋርድ ክፍሉ ገባ። ሆዱን ይታመም የነበረው ቀደም ብሎ ነው፤ በሽታው የቆሽት ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ። ጥቅምት 27 ቀን 1941 በ58 ዓመቱ ሞተ፤ በሊንከን መቃብር ተቀበረ።

ሊሊ ስለ ተማሪው ባወጣው የሐዘን ጽሑፍ የጀስት ችሎታ በአገሩ ተገቢውን ቦታ አለማግኘቱን ጠቅሷል። በ1983 ኬነት ማኒንግ የተባለ የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊ ስለ ጀስት ሕይወት ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ፤ የተረሳው ስም እንደ ገና የተነሣውም ከዚያ ወዲህ ነው። በ1996 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሥዕሉ ያለበት ቴምብር አወጣ። ዋጋው 32 ሳንቲም ነበር፤ በዚያን ጊዜ አንድ ደብዳቤ የሚላክበት።